አሥር ከአሥር

«ጥያቄ ሰባት!» አለች ዱርሲቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ። «በሰውነትዎ ላይ የአባላዘር በሽታ ምልክት ቢያዩ መጀመሪያ የሚሄዱት ወዴት ነው?»

ድምፅዋ የጤና ጣቢያውን ተራ መጠበቂያ ቆርቆሮ ጣሪያ ነክቶ ተመለሰ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው የተቀመጡት ሁሉ ወደ ደጊቱ ዞሩ። ደጊቱ የዱርሲቱ ታላቅ ወንድም የዲሪርሳ ሚስት ናት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና፣ «ወደ ጤና ጣቢያ» አለች።

«ጎበዝ! ጥያቄ ስምንት! ሕክምና ሲወስዱ ባለቤትዎም አብሮ መታከም አለበት?»

«አዎ፣ አለበት።»

«ጥያቄ ዘጠኝ! በቅርቡ ሐኪም ያላዘዘልዎትን መድኃኒት ወስደዋል?»

ደጊቱ ከጎኗ ወደተቀመጠችው ደስታነሽ ሰረቅ አድርጋ አየች። ደስታነሽ ሰፈራቸው መግቢያ ላይ ሱቅ ያላት፣ ከገዛ ጉዳይዋ ይልቅ የሰው ጉዳይ ቀድሞ የሚደርሳት ሴት ናት።

«አልወሰድኩም» አለች ደጊቱ።

አሥረኛውንም መለሰች። ዱርሲቱ በቁጥር ሃያ ሦስት ቅጽ ጥግ ላይ አሥር ከአሥር ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አከበበችበት። ከስድስት ሳምንት በፊት ደጊቱ ያገኘችው ሦስት ብቻ ነበር። ዱርሲቱ እንዲህ ያለ መሻሻል በክፍሏም አይታ አታውቅም፤ በራሷ ላይማ ጭራሽ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሲስተር ሮማነወርቅ ጠዋት ጠዋት ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ስለ አባላዘር በሽታ በቡድን ያስተምራሉ። ትምህርቱ ሰዉን ለውጦት እንደሆነ ለማወቅ አርባ ሰዎች ተመርጠው ያንኑ አሥር ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠየቃሉ፤ ከትምህርቱ በፊት፣ ትምህርቱ እንዳለቀና ከስድስት ሳምንት በኋላ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ማንበብ የሚችል ቅጹን ራሱ ይሞላል፤ ለማይችል ዱርሲቱ ታነብለታለች። ከትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ የተመረጠችው በአማርኛም በኦሮምኛም አቀላጥፋ ስለምታነብና የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ነው። ሲያድጉ ዜና አንባቢ መሆን ከሚፈልጉት ወገን ናት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ወንዲ «ራዲዮ» ይላታል፤ እሷም እንደ ሙገሳ ትቆጥረዋለች።

አሁን ደግሞ ፈረቃ የሚባል ነገር የለም። ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ከወጡ ወዲህ ትምህርት ተቋርጧል። በጅማ መንገድ አንድ ቀን ጎማ ይነድዳል፣ በማግስቱ ፌዴራሎች ይቆማሉ። ታክሲ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሰበታ ውስጥ ሰው ሁሉ እየተራመደ ወደ ኋላው ያያል። ዱርሲቱ ደግሞ በሰላሙም ጊዜ ቢሆን አሥር ደቂቃ ረግታ መቀመጥ የማትችል ልጅ ናት። ቤት ከመዋል አግዳሚው አጠገብ ቆማ ብዕሯን ቀጭ ቀጭ ማድረግ ይሻላታል።

«ቀጣይ፣ ቁጥር ሃያ አራት!» ከማለቷ ከውጭ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ዘበኛው ኦቦ ቀጄላ የብረቱን በር ገርበብ አድርገው፣ «ልጆቹ ከላይ እየመጡ ነው፣ ፌዴራል ደግሞ ከታች! የሚሄድ አሁኑኑ ይሂድ!» ብለው ጮኹ።

አግዳሚው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ደጊቱ ስትነሳ በአንድ እጇ ሆዷን ከታች በኩል ይዛ ነበር። ዱርሲቱ አይታታለች፤ ነጠላዋ እንዳይወድቅ የያዘች መስሏት ቅጾቹን ወደ መሰብሰብ ሄደች።

በማግስቱ ረቡዕ ከተማው ጸጥ ብሎ ዋለ፤ ግን የሚያሳርፍ ዓይነት ጸጥታ አልነበረም። ዱርሲቱ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደጊቱን ከበርሜሉ ጀርባ አገኘቻት። ቁጢጥ ብላ አንድ ቀይና ጥቁር እንክብል ወደ አፏ እየወረወረች ነበር።

«ምንድን ነው የምትውጪው?»

ደጊቱ ደንግጣ ውሃው አነቃት። «ማሎ፣ እባክሽ ዱሪ! ቀስ በይ!»

«ትናንት መድኃኒት አልወሰድኩም አላልሽም?»

«እና ምን ልበል?» አለች ደጊቱ አፏን እየጠረገች። በአንዴ ፊቷ ተለወጠ፤ ሁልጊዜ ለስላሳ የምትናገረው ደጊቱ አልነበረችም። «ደስታነሽ ጭኔ ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም ነበር እኮ! አዎ፣ ከመድኃኒት ቤት በራሴ እየገዛሁ እውጣለሁ ልበል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፍኪ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ግን መልሱን በሙሉ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ሲስተር አስተማሩን፣ ገባኝ። የሚያመኝ ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው። ማወቅና በሰው ፊት መናገር አንድ ነው እንዴ?»

ዱርሲቱ ባልዲውን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስከረም።»

«ዲሪርሳስ ያውቃል?»

ደጊቱ ቀና ብላ አየቻት። «ከየት የመጣ ይመስልሻል? እኔ ከዚህ ግቢ ወጥቼ የት እሄዳለሁ?»

ዲሪርሳ አይሱዙ ይነዳል። መንገድ በመዘጋቱ ይኸው አራተኛ ቀኑ ተጂ ላይ ቆሟል። ዱርሲቱን ብስክሌት ያስተማራት፣ ስትወድቅ ሳይስቅባት ያነሳት እሱ ነው። ዱርሲቱ መጀመሪያ የተናደደችው በደጊቱ ነበር፤ ወንድሜን እንዴት እንዲህ ትለዋለች ብላ። ከዚያ በወንድሟ ተናደደች። ከዚያ በማን እንደተናደደች ጠፋት፤ ፊቷ ብቻ ጋለ።

«እናታችሁ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሆዴን ያያሉ» አለች ደጊቱ ድምፅዋን ቀንሳ። «ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። ሲስተር ምን አሉ? ካልታከሙት ልጅ እስከመከልከል ይደርሳል አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።»

«ታዲያ ነገ ሄደሽ ለሲስተር ንገሪያቸው!»

«አግዳሚው ላይ ተቀምጬ? ደስታነሽ ‹ምን ሆነሽ ነው› እያለችኝ? ደግሞ ያንቺ ድምፅ!» ደጊቱ ራሷን ነቀነቀች። «ዱሪ፣ አንቺ ስታነቢ እኮ በር ላይ ያሉት ኦቦ ቀጄላም አብረው ይማራሉ።»

ይህን የተናገረችው ለቀልድ አልነበረም። ዱርሲቱም አልሳቀችም። ደጊቱ የቀሩትን እንክብሎች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤት ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ዱርሲቱ ካርድ ክፍል ገብታ ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ነገ፣ ዓርብ፣ ከበላይ ጽሕፈት ቤት አንድ ገምጋሚ ይመጣል። ከአርባው ሰው ለሦስተኛው ዙር የተመለሰው አሥራ ዘጠኝ ነው። የሃያ አንዱ ቅጽ ባዶ ነው።

«ራዲዮ፣ ነገር አታካብጂ» አለ ወንዲ። ቤቱ አዲስ አበባ ስለሆነ ታክሲ ከጠፋ ወዲህ እዚያው ካርድ ክፍል ያድራል፤ ጢሙ አድጓል። «የሁለተኛውን ዙር ወደ ሦስተኛው ገልብጪው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጭንቅላታቸውም ያው ነው።»

«ግን አልመጡማ።»

«መንገድ ዘግቶባቸው እንጂ ቢመጡ ያንኑ ነበር የሚሉት። ለማንም ጉዳት የለውም፣ አቦ።» ዳቦውን ገምሶ ግማሹን ሰጣት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደክሞት ነው።

ዱርሲቱ ዳቦውን እያኘከች የተመለሱትን አሥራ ዘጠኝ ቅጾች ለሁለት ለየቻቸው። እሷ ያነበበቻቸው አሥራ አንድ ናቸው። ስምንቱን ባለቤቶቹ ጥግ ይዘው፣ ወረቀቱን በመዳፋቸው ከልለው፣ ራሳቸው ሞልተዋል። ስምንቱ ውስጥ ውጤቱ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዱ ሰባት ነው። ለጥያቄ ዘጠኝ ከስምንቱ አምስቱ «አዎ፣ ወስጃለሁ» ብለዋል። የእሷ አሥራ አንዱ ግን ሁሉም ዘጠኝና አሥር ናቸው። ለጥያቄ ዘጠኝ ሁሉም «አልወሰድኩም» ብለዋል። አንድ እንኳ «አዎ» የለም።

እንደገና ቆጠረች፤ ያው ነው። ማንበብ የማይችሉት ሁሉ ማንበብ ከሚችሉት በልጠው ተገኝተዋል። የቀረውን ዳቦ አስቀመጠች።

ሲስተር ሮማነወርቅ የዚያን ጊዜ ገቡ። ፊታቸው ከወትሮው በርቷል። ከአሥራ አንዱ ቅጾች አንዱን አንስተው አሥር የሚለውን ቁጥር በጣታቸው ዳሰሱት።

«አሥራ አንድ ዓመት ነው ያስተማርኩት» አሉ። «ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቅልኛል፣ ያዳምጠኝ አያዳምጠኝ አላውቅም ነበር። አሁን በቁጥር አየሁት። ነገ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ የጠዋቷን ሰዓት ይወስዱብኝና ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጥፋሉ። ለማያነብ ሰው ፖስተር! ግን አንቺ አለሽልኝ።»

ዱርሲቱ የቀሩትን ቅጾች ሰበሰበች። ወጥታ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ከክትባት ክፍሉ ጀርባ ቆመች። ክፍሉ ዓርብ ሥራ የለውም። በሩ ከአግዳሚው አይታይም፤ የሚያየው መድኃኒት የሚጭነው መኪና የሚገባበትን የኋላውን በር ነው።

ዓርብ ገና በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሲስተር ሮማነወርቅን አግዳሚው አጠገብ አገኘቻቸው።

«ሲስተር፣ አሥሮቹ ትክክል አይደሉም።»

«የትኞቹ?»

«እኔ ያነበብኳቸው። ሁሉም። ሰዎቹ የመለሱት ለወረቀቱ አይደለም፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሲስተር ሮማነወርቅ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ማን ነገረሽ?»

«የታመመች ሴት ናት። ስም አልናገርም።»

ሲስተር ሮማነወርቅ ከዚያ ዱርሲቱ ያልጠበቀችውን አደረጉ። አግዳሚው ላይ፣ ልጇን ካዘለች አንዲት ሴትና ክንዱን በፋሻ ካሰረ አንድ ሰውዬ መሐል ገብተው ተቀመጡ። «በይ አንብቢልኝ፤ ጥያቄ ዘጠኝን። እንደምታነቢው አድርገሽ።»

«ጥያቄ ዘጠኝ!» አለች ዱርሲቱ፤ ድምፅዋ ይህን ያህል አስጠልቷት አያውቅም። «በቅርቡ ሐኪም ያላዘዘልዎትን መድኃኒት ወስደዋል?»

ሴትዮዋ ዞረች። ሰውዬው ዞረ። ወንዲ በካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቱን አሰገገ። ሲስተር ሮማነወርቅ ግራና ቀኝ አዩ።

«አልወሰድኩም ነው የምለው» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ትናንት ማታ ለራስ ምታቴ የጎረቤቴን ኪኒን ውጬ ነው ያደርኩት።»

ከአግዳሚው ተነሥተው ጋውናቸውን አራገፉ። ፊታቸው ላይ የትናንቱ ብርሃን የለም፤ ዱርሲቱ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ አሰበች።

«እና ዛሬ ለገምጋሚው ምን ልናሳየው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ሲስተር።»

«እኔም እንጃ።» ወደ ክትባት ክፍሉ አቅጣጫ አዩ። «ያች ስሟን የማትነግሪኝ ሴት አሁንም ያማታል?»

«ያማታል።»

«ክፍሉ ዛሬ ባዶ ነው። ለኦቦ ቀጄላ የኋላውን በር እንዲከፍቱ ንገሪያቸው።»

ዱርሲቱ ሮጠች። በዚያ ሰሞን በሰበታ የሚሮጥ ሰው ሌላውንም ያስሮጣል። ሁለት ሴቶች እሷን አይተው በራቸውን ዘጉ፣ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን አነሣ። «ምንም የለም! ምንም የለም!» እያለች አለፈቻቸው።

ደጊቱ ልብስ እያጠበች ነበር። ሰማቻትና እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ «አልሄድም» አለች።

«አግዳሚ የለም። በኋላ በር ነው። ኦቦ ቀጄላ ይከፍታሉ፣ ምንም አይጠይቁሽም። ሲስተር ብቻ ናቸው። እኔም አልገባም።»

«አንቺስ ዝም ትያለሽ?»

«ዝም እላለሁ።»

«አንቺ?» ደጊቱ ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ሳቁ ጠፋና አረፋውን ስታይ ቆየች። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ነጠላዋን አነሣች።

ኦቦ ቀጄላ የኋላውን በር ከፍተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። «አካም ቡልቴ» አሉ ሳይዞሩ፤ ከሰላምታው ሌላ ቃል አልጨመሩም። ደጊቱ ገባች። ዱርሲቱ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ድምፅ ሲሰማት ተነሥታ ራቅ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሄደች። እዚያም የሰማች ሲመስላት አጥሩ ድረስ ሄደች። ከከተማው በላይ በኩል ቀጭን ጭስ ይታያል፤ የጎማ ይሁን የማገዶ አይለይም። አሁን ሮጥ ሮጥ በይ አላላትም። እግሯ ብቻ መሬቱን ይመታል።

ደጊቱ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በአንድ እጇ የመድኃኒት ፌስታል፣ በሌላው ታጥፎ የታሸገ ካርድ ይዛለች። ዱርሲቱ ያን ካርድ ታውቀዋለች፤ ሲስተር በትምህርቱ ላይ ከፍ አድርገው ያሳዩታል። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጥ መጥሪያ ነው።

«የዲሪርሳ ነው» አለች ደጊቱ። «ሁለታችንም ካልታከምን ይመለሳል አሉኝ።»

«እኔ ልስጠው?»

«አይ፤ እኔ ነኝ የምሰጠው። መንገዱ ሲከፈት።» ካርዱን ጡቷ ስር ሸጎጠችው። «የሚጮኸው እኔ ላይ ቢሆንስ? አንቺ ነሽ ያመጣሽው ቢለኝስ?»

ዱርሲቱ ወንድሜ እንዲህ አይልም ልትል ፈለገች። ግን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ስለ ወንድሟ እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ቀንሷል። «ያን ቀን በር ላይ እሆናለሁ» አለች። «ብትጠሪኝ እገባለሁ።»

ደጊቱ ራሷን ነቀነቀችና በኋላው በር ወጣች። ዱርሲቱ መንገዱ እንዲከፈት ስትመኝ ነበር የሰነበተችው። አሁን ግን ትንሽ ቢቆይ ብላ ተመኘች።

ካርድ ክፍል ስትደርስ ወንዲ በመስኮቱ እያየ ነበር። «ገምጋሚው ደወሉ። ዓለም ገና አልፈዋል፣ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅባቸው ነው። ራዲዮ፣ ሃያ አንዱን ልገልብጥልሽ? እጄ ፈጣን ነው።»

«አልፈልግም» አለች። ቀይ ብዕር ተበደረችው።

በሃያ አንዱ ባዶ ቅጾች ላይ «አልተመለሱም» ብላ ጻፈች። ከዚያ አሥራ አንዱን ወሰደች። በእያንዳንዱ ላይ የገዛ እጇ የጻፈውን ቁጥር ሰርዛ፣ «በሰው ፊት ጮክ ተብሎ የተጠየቀ፤ ውጤቱ አይታወቅም» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ስሟን አኖረች። ቁጥር ሃያ ሦስት የመጨረሻው ነበር። ሁለት ጊዜ የተከበበው አሥር አፍጥጦ አያት። የዚህን ቅጽ እውነተኛ መልስ ታውቀዋለች። ለማንም አልነግርም ያለችውም ያንኑ መልስ ነው። አሥሩን ሰርዛ እንደሌሎቹ፣ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች።

ሲስተር ሮማነወርቅ ገብተው ከላይ ያለውን አነበቡ። ወንዲ ተነፈሰ። እሳቸው ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አድርገው አስተካከሉና በክንዳቸው ይዘው ወጡ።

ከበሩ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ፣ ዱርሲቱ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት አየች። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ለብሷል። አንዲት የተጨማደደች ወረቀት ዘረጉላት፤ ሠላሳ አንድ ይላል።

«መገርሳ እባላለሁ» አሉ። «ስድስት ሳምንት ሲሞላ ተመለሱ ብላችሁኝ አልነበር? ታክሲ ስለሌለ ከተፍኪ በእግሬ ነው የመጣሁት። ማንበቡ የለኝም፤ በይ አንብቢልኝ። ጥያቄ አንድ በይ!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ዱርሲቱ ከካርድ ክፍሉ አንድ ወንበር በአንድ እጇ፣ ሌላ ወንበር በሌላ እጇ አነሣች።

«ይምጡ አባባ፣ በዚህ በኩል ነው» አለች፣ እሳቸው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ።